የቆረጥኩት አሥራ አንድ ሰከንድ

የካቲት 4፣ ሰኞ

ካሜራው ዛሬ ተሰጠን። እስከ መጪው ሰኞ የእኛ ነው። አብሮኝ የሚማረው ኤርጎ ይቀርጻል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ። የመመረቂያ ሥራችን ስለ ጂንካ የቅዳሜ ገበያ ነው፣ አሥር ደቂቃ።

መምህር ሸዋንግዛው ያለፈውን ሥራችንን አይቶ ሳቀ። ሁለት ሰው ሻይ ሲጠጣ አራት ደቂቃ ማን ያያል አለን። የደበዘዘውን ጣሉ፣ የተንቀጠቀጠውን ጣሉ፣ አትዘኑለት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ኤርጎ የቀረጸው ሲቆረጥበት ግን ፊቱ ይጠቁራል… ቅዳሜ እንዴት ልንስማማ ነው?

የካቲት 9፣ ቅዳሜ



አራት ሰዓት ገደማ ፍየል ተራ ነበርን። አንድ የሰከረ ሰውዬ እና ባሮክ የሚባል የሰፈራችን ልጅ በአንዲት ፍየል ተጣሉ። እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኳት፣ የለም እኔ ነኝ… መጀመሪያ ስድብ፣ ከዚያ ጡጫ። ከዚያ ሰውዬው ከጆንያው ገጀራ መዘዘ። ባሮክ ፊቱን በክንዱ ከለለ። ክንዱ ላይ አረፈበት። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነጭ ነገር አየሁ፣ አጥንት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሰው ሁሉ ሸሸ። ወደ ፊት የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ደምሰው፣ በርና መስኮት የሚበይደው። ከጋሞ መጥቶ እዚህ ከተማ አሥራ አምስት ዓመት ኖሯል። የሰውዬውን እጅ ጠምዝዞ ገጀራውን ነጠቀው። ሰካራሙ አመለጠ። ጋሼ ደምሰው ገጀራውን እንደያዘ ባሮክ አጠገብ ቆሞ፣ ልጁን እንዳይረግጡት ሰዉን እየጮኸ ይመልስ ነበር። ባሮክን በባጃጅ ወሰዱት። ራሱን ስቶ ነበር።

ኤርጎ ካሜራውን አንዴም አላጠፋም። እኔስ? ቆሜ አየሁ።

የካቲት 10፣ እሑድ

ቸርች ቀረሁ። ኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍል ዋልን። ኤርጎ ለፊልሙ ማስተዋወቂያ እንሥራ አለ፣ አርባ ሰከንድ። ፍየሎቹ፣ ጡጫው፣ ደሙ፣ የአንዲት ሴት ጩኸት፣ በመጨረሻ ጋሼ ደምሰው ገጀራ ይዞ። መሀል ላይ ገጀራውን የነጠቀበት አሥራ አንድ ሰከንድ አለ። ኤርጎ እየሮጠ ስለቀረጸው ምስሉ ይዘላል፣ እጅ ከእጅ ሲታገል ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው። ቆረጥኩት። ያለ እሱ እንዴት አማረ!

ኤርጎ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ አሁን ኤዲተር ሆንሽ አለኝ። ደስ አለኝ። ማታ ፌስቡክ ገጹ ላይ ለቀቀው።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ጠዋት ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንዱ «ልጃችንን የቆረጠው መጤ ይኸውላችሁ» ብሎ አጋርቶታል። ባሮክ ገና አልነቃም፣ የሸሸውም ሰው ገጀራው ሲነጠቅ አላየም፣ የሚያስተባብል የለም። ኤርጎን እናውርደው አልኩት። ትንሽ እንቆይ፣ ገና ሰው እያየው ነው አለ። እኔም ቆየሁ… ለምን ቆየሁ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭስ አየን። ሮጥን። የጋሼ ደምሰው ሱቅ እየነደደ ነው። ውስጥ የነበረው የጋዝ ሲሊንደር ሲፈነዳ የጣሪያው ቆርቆሮ መንገድ ላይ ወደቀ። ጎረምሶች እሱን አስፋልት ላይ ጎትተው አውጥተው ለበር በሚቆርጠው የብረት ቱቦ ይደበድቡታል። ሁለቱ ቀኝ እጁን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ያዙ። ቱቦ የያዘውን አውቀዋለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል አብረን ተምረናል። «በዚህ እጅህ ነው?» እያለ መታው። አንዴ አይደለም። ባለቤቱ ዘሪቱ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ ሆዷን ረገጧት።

እሱ አይደለም ብዬ ጮኼ ነበር? የጮኽኩ ይመስለኛል። ማንም ዞር አላለም። ፖሊስ ወደ ሰማይ ሲተኩስ ተበተኑ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ኤርጎ ቪዲዮውን አወረደው። ዋናውን ቅጂም አጥፊው አለኝ። እምቢ አልኩ። ያለበት ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነው። አንገቴን አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። «ነገ እኛን ያቃጥሉናል፣ አይገባሽም?» አለ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ እጁን ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ለቀቀኝና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ፍላሹን ለመምህር ሸዋንግዛው ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። ማን ቆረጠው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ኤርጎን ፖሊስ ወሰደው። ገጹ የእሱ ነው።

የካቲት 15፣ ዓርብ

መምህር ሸዋንግዛው የከተማውን ሽማግሌዎች ለምኖ ቪዲዮው በቀበሌው አዳራሽ ታየ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ ሳይቆረጥ። አሥራ አንዱ ሰከንድ ሲያልቅ የባሮክ አባት አቶ መኮንን ተነሡ። «ልጄን ያተረፈልኝን ሰው ነው የሰበራችሁት» ብለው ተቀመጡ።

ቱቦ ይዞ የነበረው ልጅ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዙት። ጥርሱ እስኪረግፍ መቱት። ሰኞ ዕለት ጋሼ ደምሰውን ከደበደቡት ሁለቱን መቺዎቹ መሀል አየሁ። በቃችሁ የሚል ጠፋ።

ቪዲዮውን የቆረጠው ኤርጎ እስር ቤት ይበስብስ እያሉ ወጡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። 

የካቲት 18፣ ሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሼ ደምሰው ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ተቆርጧል። የቀሩትም አይታጠፉም። አንድ ዓይኑ ገና አልተከፈተም። ዘሪቱ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች።

ኤርጎን ማሰራቸውን ሰምቶ ነበር። ቪዲዮውን እሱ አይደለም የቆረጠው፣ እኔ ነኝ አልኩት። 

«ምን አስበሽ ነው?»

«ስለ እርስዎ አላሰብኩም። እንዲያምር ብዬ ነው።»

«እንዲያምር» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘሪቱ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። ኮሪደሩ ላይ በጥፊ መታችኝ፣ ደገመችኝ። እጄን አላነሳሁም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያ ልጅ በአንቺ ፈንታ ታስሮ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለችኝ።

አይወስደኝም ነበር። ግን እስከ ዛሬ ምክንያቱን እንደማላውቅ አስመስዬ ነበር።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ይህን የምጽፈው ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ።

መርማሪው የኤርጎን ቃል አሳየኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ስሜን አልጠራም። ማን ቆረጠው ሲሉት ዝም ብሏል፣ ተመትቶም ዝም ብሏል። አንቆኝ ነበር፣ ነክሼዋለሁ… ለምን አልተናገረም?

መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ ማን ቆረጠው አለኝ።

«እኔ፣ ጥሩዬ።»

ምን እንደቆረጥኩ፣ ለምን እንደቆረጥኩ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ «እንዲያምር» የምትለዋን ጭምር። ጻፋት። አንብቦልኝ ፈረምኩ። ተጠባበቂ፣ ዛሬ ወደ ቤት መሄድሽን እንጃ አለኝ።

ኤርጎን ፈትተው ወደ ውጭ ሲያወጡት በፊቴ አለፈ። ከንፈሩ አብጧል። አየኝ፣ ሰላም ሳይለኝ ሄደ።

ልክ ነው።