ገመናችንን ለተረከበው መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የቤተሰብ ማገናኛ ክፍል ኃላፊ፤

የከበረ ሰላምታዬን ከወንበሬ ብድግ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ? ሁላችሁም በአንድ ጣሪያ ሥር እንደምታድሩ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ደስ የሚል ነገር ነው ሲባል እሰማለሁ።

እኔ ሶፋ አዳሽ ነኝ። ውጭ አገር የምትኖር ልጅ አግብቼ ወደዚህ ላመጣት ደጅዎን ስጠና የከረምኩ ሰው ነኝ። ማመልከቻዬ “ትዳሩ እውነተኛ መሆኑ አልተረጋገጠም” ተብሎ ስለተመለሰልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት በእጮኝነት ልጠራት ነበር። ባለመነጽሯ ሠራተኛዎ ግን ያለውን መንገድ ሁሉ በትዕግሥት ዘርዝረው፣ በጎብኚነት ብትመጣ ትመለሳለች፣ በእጮኝነት ብትመጣ ትጠረጠራለች፣ አግብተው ቢጠሯት ግን ማንም አይነካዎትም አሉኝ። እኔም ሄጄ በዘመድ አዝማድ ፊት አገባሁ። አሁን ደብዳቤዎ ጋብቻው በጥድፊያ የተፈጸመ ይመስላል ይላል። ማን እንዳጣደፈኝ ያልተጻፈው ቦታ ስላነሰ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመጠበቂያ ክፍላችሁ ሶፋ መሐሉ ከመስጠሙ የተነሳ የተቀመጠ ሁሉ ተንሸራቶ ጎረቤቱ ላይ ይደገፋል። ክፍልዎ ሰው ሲያገናኝ ያየሁት እዚያ ብቻ ስለሆነ እንዳይታደስ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛውን እንደ ቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። የቃለ መጠይቁ ዕለት ባለመነጽሯ በሩን ዘግተው ውሃ ቀዱልኝና፣ “እንደ እኅትዎ ይዩኝ፤ ያልተጣላ ባልና ሚስት የለም፣ እዚህ የሚናገሩት ከዚህ ክፍል አይወጣም” አሉኝ። አመንኳቸው። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን አወጣሁ፤ በሠርጋችን ሰሞን አክስቴ ሙያ የላትም ብላ በተናገረችው ቃል ሚስቴ ተቀይማ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ማደሯን፣ በማግስቱም በር ላይ ቆሜ ለምኜ ይዣት መመለሴን።

ብዙም ሳይቆይ እሷም ባለችበት አገር ተጠየቀች። ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ቢሏት፣ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም አለች። በወግ ያደገች ልጅ ለባዕድ ሌላ ምን ትላለች? የቤት ገመና ደጅ እንደማይወጣ እናቷ አስተምራታለች። ሰዎችዎ ግን የእኔን ቃል ፊቷ ላይ አነበቡላት። ከክፍሉ የማይወጣው ወሬ ባሕር ተሻግሮ ሚስቴ ዘንድ ደረሰ፤ ለእሷ የተከለከለውን ቪዛ ለእሱ ማን እንደፈቀደለት አላውቅም።

ደወለችልኝ። ድምጿን ሳታነሳ፣ “እኔ የሸፈንኩትን አንተ ገለጥከው” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። አክስቴን ይቅር ያለች ሴት እኔን ይቅር ማለት አቃታት። እኔ እውነቱን ተናገር ስላላችሁኝ ተናገርኩ፣ እሷ ሚስት ስለሆነች ሸፈነች፣ እናንተም ሁለቱን ቃል አስተያይታችሁ ባልና ሚስት አይደሉም አላችሁ። ከዳችሁኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ትሑት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛ፣ ደብዳቤው ግርጌ ስለተዘረዘሩልኝ አማራጮች ውለታችሁ አለብኝ። ይግባኝ ማለት፣ እንደገና ማመልከት፣ አለዚያም እኔው ወደ እሷ መሄድ እንደምችል ተጽፏል። ሁሉም ግን የሚሠሩት እሷ ስልኩን ካነሳች ነው። ይህ የሚሆንበትን መንገድ ባለመነጽሯ አልዘረዘሩልኝም።

ለክፍልዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም የቤትዎ ገመና በቤትዎ እንዲቀርልዎ እየመረቅሁ እሰናበታለሁ።

በሕግ ያገባ፣ በእርስዎ ማኅተም የተቀማ፣
ከአክብሮት ጋር፣ ሶፋ አዳሹ

ማሳሰቢያ፦ የእሷ አጎትና የእኔ አባት ሊያስታርቁን በስልክ ሽምግልና ተቀምጠዋል። ሰው ለማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ አይደክምምና፣ ጎደለ ያላችሁት ማስረጃ በዚሁ ይያዝልኝ። ሽማግሌዎቹ አስቀድሞ በዳይ ይቅረብ ስላሉ፣ እባክዎ ስልክዎን ክፍት አድርገው ይጠብቁ።