ካናዛዋ ላይ ያገኘሁት ሽመላችን

ኪኑዮ ጓደኛዬ፣

ከዝናብ ሸሽቼ የገባሁበት ሱቅ መስኮት ላይ ማን ተሰቅሎ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ሽመላችን! ለኅትመት እንጨት ላይ የቀረጽኩት፣ በአይሪስ አበቦች መሀል የቆመው፣ በወረቀት ታትሞ። ጠርዙ ላይ ያለው የቀራጭ ስም ግን የመምህራችን ልጅ የጌንጂሮ ነው።

ባለሱቁ ሽማግሌ «ላባው አያምርም?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት።»

«ተይ እንጂ ልጄ! ይሄ የወንድ እጅ ነው።»

«እንግዲያው አባባ፣ እግሩን ጠጋ ብለው ይዩት። ቢላዬ አምልጦኝ እንጨቱ ላይ የሰበርኩትን በስንጣሪ የደፈንኩት ከጉልበቱ በታች ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉ፤ ፀጉር የምታክል መስመር አገኙ። «አንቺ ጉደኛ!» ብለው ብሩሽ ሰጡኝ። የጌንጂሮን ስም ሰርዤ የራሴን ጻፍኩ፤ መልሰው ሰቀሉት።

ያን ስንጣሪ ስናጣብቅ መምህራችን እንዳይሰሙን አፍሽን በሽርጥሽ አፍነሽ የሳቅሽው ሳቅ ትዝ አለኝ። እዚህ እንደዚያ የሚያስቀኝ የለም። የምንቀርጽበት የቼሪ እንጨት ፍቅፋቂ ሽታ ሳይቀር ናፍቆኛል። ቢሆንም ስሜ ይጻፍልኝ ስላልኩ ያባረረኝን የመምህራችንን ቤት ደጅ አልጠናም።

እናትሽን ሳሚልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ። መሣሪያሽን ጠቅልለሽ ነይ፤ በየስማችን እንቀርጻለን።

ሺዙ