ወንድሜን አምስት ቦታ ከፋፍለው ላከሙልኝ ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሄሪንግ ወደብ ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልብዎ፣ ኩላሊትዎ፣ ዓይንዎና እግርዎ ደኅና መሆናቸውን፣ በተለይም እርስ በርሳቸው መተዋወቃቸውን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ቨርና ኮርከም፣ ባለፈው ዓመት በአርባ ስድስት ዓመቱ የቀበርነው፣ ሸርጣን መሰሉን ሎብስተር ከባሕር ያጠምድ የነበረው የኤልደን ዚንክ እህት ነኝ። የምጽፍልዎ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆናት ልጁ ስለ ሊዮና የደም ምርመራ ቢሆንም፣ ምስጋናዬን ማስቀደም ይገባኛል።

፩. በየክሊኒኮችዎ በር ላይ «በአንድ ቀጠሮ አንድ ሕመም ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሕግ አክባሪ ስለነበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕመሙን ቆራርጦ ሲያመጣላችሁ ኖረ፤ የእግሩን ማቃጠል ለነርቭ፣ የወገቡን ቀያይ ነጠብጣብ ለቆዳ፣ የሽንቱን ነገር ለኩላሊት፣ የደረቱን ለልብ፣ የሆዱን ቁርጠት ለሆድ ዕቃ ሐኪም። አምስቱም ጨዋ ሰዎች ነበሩና የሌላውን መዝገብ ከፍቶ ያየ አልነበረም። የነርቭ ሐኪሙ ጭንቀት ነው ብለው ዮጋ አዘዙለት። ኤልደን በጥር ብርድ ባሕር ላይ እግሩን በረዶ ባልዲ ውስጥ እየነከረ ወጥመድ የሚጎትት ሰው ነበር።

፪. በሽታውን ያወቀችው መነጽር የምትለካልን ፐርል ናት። ለማንበቢያ መነጽር ሄዶ ዓይኑን ስታይ፣ «ኤልደን፣ ይሄ ጥምዝምዝ መስመር የዓይን በሽታ አይደለም። ለመሆኑ ላብ ያልብሃል?» አለችው።

«እኔን? አልቦኝም አያውቅ። የእኛ ቤት ወንዶች እንዲህ ነን፤ የእናቴ ወንድምም እንደዚሁ ነበር» አላት።

ፐርል ፋብሪ የሚባል፣ ሰውነት አንድ ዓይነት ስብ መፍጨት አቅቶት በየአካሉ የሚያከማችበት የዘር ሕመም ሊሆን እንደሚችል ጽፋ ላከችላችሁ። ቢሮዎ ላኪዋ ሐኪም ስላልሆነች አልቀበልም ብሎ መለሰው። ከስምንት ወር በኋላ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሶ አልጋ ላይ ሲወድቅ የደም ናሙና ተወሰደለት፤ ውጤቱም ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት እርግጥ ሆኖ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው እንኳ በዚያው ቀን ይጮኻል።

፫. ይህ ሕመም ያለበት አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ እንደሚያወርሰው የነገረኝ ያው የእናንተ ወረቀት ነው። የሊዮናን ምርመራ ስጠይቅ ግን ቢሮዎ፣ ሴቶች የሕመሙ ተሸካሚ ብቻ ስለሆኑ ስትታመም አምጫት አለኝ። እግሯን ማቃጠል ጀምሯታል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ሲጀመር ነው ልብና ኩላሊት የሚያተርፈው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። የምለምንዎ አንዲት ብልቃጥ ደም ብቻ ነው።

አምስት ሐኪሞች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሳይገናኙ እንዲኖሩ ላስቻለው አስተዳደርዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ቨርና ኮርከም
ኖቫ ስኮሺያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ አቶ ኤልደን ዚንክ ሴፕቴምበር ዘጠኝ ቀን የዘር ሕመም ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ ከቢሮዎ ጥሪ ደረሰን። ቀጠሮውን አልሰረዝነውም። በዚያ ቀን ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ሊዮና ናት። ስሟ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም ከተባለ፣ አባቷ ለምን እንደቀረ ራስዎ ይጠይቋት።