ሸፍጥና የሚካኤል ጽዋ

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ ጧት

ከጸሎት መልስ። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ላንተ፣ ማስታወሻዬ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቂም ይዤ የሚካኤልን ጽዋ ጠጥቻለሁ። ቄሱ በየወሩ «ቂም ያለው አለ?» ሲሉ እኔ ዝም። ጽዋውን የምቀበለው ከሽመልስ እጅ ነው፤ የማኅበር ወንድሜ።

ያኔ፣ ደሴ ሳንመጣ፣ ኮምቦልቻ ነበርን። ሚስቴ አበባዬ ታማ፣ ሽመልስ በፒካፑ ደሴ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ቃል ገባ። ጧት ደውሎ ሞተሩ ነከሰ፣ አይነሳም አለ። በሚኒባስ ወጣን። ዳገቱ ላይ ያቺው ፒካፕ ሽንኩርት ጭና ቀደመችን። ሚስቴ ጭኔ ላይ ተኝታ። ሳታድር አረፈች።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ልጄ ትርሲት ኮምቦልቻ አማርኛ ታስተምራለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ሰፊ። የድሮ ተውኔት ታመጣልኛለች፤ ከባድ ቃል ሲገጥመኝ መዝገበ ቃላት ክልክል ነው፣ ከተናጋሪዎቹ አፍ ፈልግ ትላለች። የዚህ ሳምንት ቃል «ሸፍጥ»።

አንደኛው ተውኔት፦ አንድ ሹም ለወዳጁ ምሎ ወዳጁን ሸጠ። ገባኝ። ዳር ላይ በእርሳስ «ሽመልስ» ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

ሁለተኛው አናደደኝ። አንድ ሰው፣ በፊት በድሎት የነበረን እንግዳ ቤቱ ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፣ ያጎርሰዋል፤ በሆዱ የበቀል ቀን ይቆጥራል። እናቱ ሸፍጥ የምትለው የእሱን ነው፤ የተበዳዩን! ለትርሲት ደወልኩ። ደራሲው ተሳስቷል አልኳት። «አባባ፣ ሰውየው ሲያጎርሰው ይስቃል?» አዎ፣ ይስቃል። «እንግዲያውስ!» ብላ ሳቀችብኝ። የኔን ቂም አታውቅም።

የሸሚዝ ቁልፍ ልገዛ ሰኞ ገበያ ሰፈር ወረድኩ። ሽመልስ። ትከሻዬን ሳመ፣ ፌስታሌን ተሸከመልኝ። ሳቅኩለት። ጥርሴ በረደኝ።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ ከሰዓት

ማኅበር ከሽመልስ ቤት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ቄሱ እንደ ወትሮው ስለ ቂም ጠየቁ። እኔ አለኝ አልኩ። ከጎን አንዱ «ጋሽ ካሣሁን፣ ገና ሳትቀምስ ሞቀህ?» ሲል ሳቁ። ሁሉን ተናገርኩ፤ ሽንኩርቱን፣ ዳገቱን። ሳቁ ቆመ።

ሽመልስ አልካደም። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ ባለጭነቱ ስለቸኮለ ነው አለ። ቀጠለና፦ «ዳገቱ ላይ በመስታወት አየሁህ፣ ወንድሜ። እስክትጠይቀኝ ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቅኩ።»

አየኝ! አይቶኝ ነዳ።

ታረቁ፣ ተሳሳሙ አሉ። ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ፤ ተሳለምኩ። «ይቅር ብያለሁ» ግን አላልኩም። ሽመልስ በሁለት እጁ ጽዋውን አቀረበልኝ። ተቀበልኩ፤ ሳልቀምስ ለቀጣዩ አሳለፍኩ። ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ።