መስኮት የማይከፈትባት ከተማ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዝናብ። ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። ቢሮ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ብሎ ነበር።

ኮድ ጻፊያችን («ቀስ በይ» ነው የምለው፣ ሌላ ቃል ስለማያውቅ) የመጀመሪያው ሙከራ ቅዳሜ ነው አለኝ። በመጨረሻ! አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስተማረው ልብ ወለድ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው ጌም ሊሆን ነው። ታሪኩ እንደሆነ ጥርት ያለ ነው። ገዢው ጎረቤቱን ለጠቆመ ሁሉ ዳቦ ይሰጣል፤ የተጠቆመው ይታሰራል። በመጨረሻው ምዕራፍ ከተማው መምህሩን አሳልፎ ይሰጣል። በዋናው መንገድ ሲነዱት አንድ መስኮት እንኳ አይከፈትም። እዚያ ስደርስ ሁሌም አለቅሳለሁ።

አለቃዬ፦ «ያ መንገድ ካልታየ መጽሐፉ አይደለም። ለስፖንሰሮቹ ቃል የገባነው እሱን ነው። ወሩ ሲያልቅ ይመጣሉ። ካልሆነ እንዘጋዋለን።»

ይዘጋዋል። አውቀዋለሁ።

ማታ ዕቃ ሳጥብ አባዬ ከሳሎን፦ «አንቺ ልጅ፣ ፉጨትሽን ተዪኝ እስቲ!» ከልጅነቴ ጀምሮ ያው ቁጣ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ምን ብዬ ልጻፈው?

ሁሉም ከየቤቱ ገብቶ ተጫወተ። አባዬ መምህሩን ሆነ። ሕንፃችን ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት እቴቴ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪዋን። እሷን የጋበዝኳት ወሬ ስለምትወድ ነበር... አንደኛ ጠቋሚ ትሆናለች ብዬ።

ገና እንደተጀመረ ሁሉም ተጠቋቆመ። ደስ አለኝ። ከዚያ የእስረኞቹን ጥፋት አየሁ። አንዱ አስነጥሷል። አንዷ የጫማዋን ክር ሳታስር ወጥታለች። ለእንዲህ ያለ ነገር ቅጣቱ የአንድ ቀን እስር ብቻ ነው። ለካ ተስማምተዋል! ተራ በተራ ይጠቋቆማሉ፤ ጠቋሚው ዳቦውን ከታሰረው ጋር እኩል ይካፈላል። ያስተማረቻቸው እቴቴ ናት። ቻቱ ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ዛሬ እኔን ጠቁሙኝ፣ ነገ ልብስ ሰፊውን።»

የገዢው ጎተራ ተራቆተ። ከተማው ጠገበ። መምህሩን ዝንቡን እሽ ያለው የለም።

ደሜ ፈላ። አባዬ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይስቃል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

ቻቱን ከጌሙ አጠፋነው። እስቲ አሁን ይስማሙ!

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ተስማሙ።

መስኮት ከፍቶ መብራት ያበራ የዕለቱ ተጠቋሚ ነው። ማን ነገራቸው? ማንም። ከተማው በሙሉ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል። መስኮቶቹ ለምን ይከፈታሉ ብዬ ቀስ በይ ላይ ጮህኩበት። «ለውበት ብዬ ነው» አለኝ። ለውበት!

እራት ላይ አባዬ፦ «ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪዎቼን እጠይቅ ነበር። አንድ መስኮት ቢከፈትስ? የመለሰልኝ የለም።»

«አባዬ፣ ጌሙን እያበላሹብኝ እኮ ነው!»

«እሱስ አዎ» አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ። ተናደድኩበት። የማንን መጽሐፍ ብዬ ነው እንዲህ የምቃጠለው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

መስኮቶቹ ተቆለፉ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ ከእንግዲህ አይታወቅም። ዳቦ ማካፈል የለም። ያልጠቆመ ይራባል። መምህሩን የጠቆመ ግን ለሳምንት የሚበቃ ያገኛል። አለቃዬ «አሁን ገባሽ» አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ሆነ። መምህሩን ሸጡት። በዋናው መንገድ ነዱት፣ ልክ እንደ መጽሐፉ። መስኮቱ ሁሉ ጭለማ።

አለቃዬ ደውሎ «ይኸው! ይኸው!» አለ።

እንባዬን ጠበቅሁ። አልመጣም። ተጫዋቾቹ አንድ ባንድ ወጡ፤ እንድገመው ያለ የለም። አባዬ መነጽሩን አውልቆ «ደክሞኛል» አለና ተኛ። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 18

እቴቴ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አባትሽን የጠቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

«እቴቴ ደግሞ... ጌም እኮ ነው።»

«እሱን ለኔ አትንገሪኝ! ርቦኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጋዜጣ ሊገዙ ሲያልፉ እንደ ወትሯቸው ሰላም አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።» ጀርባዋን ሰጥታኝ ወረቀቷን መቁጠር ጀመረች።

ርቦኝ ነበር... ማን አስራባት? ገዢው? ገዢ የሚባል ሰው እኮ የለም። እኔና ቀስ በይ ነን። አፍሬያለሁ። በጣም አፍሬያለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ቀስ በይን ሁሉንም ወደ መጀመሪያው እንመልሰው አልኩት። ዳቦው ይካፈል፣ ጠቋሚውም ይታወቅ፣ ቻቱም ይመለስ፣ መስኮቶቹም ይከፈቱ። «አለቃ ይገለናል» ይላል ብዬ ስጠብቅ ከምሳ በፊት ጨርሶ አገኘሁት። ለካ መፍጠን ይችላል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30

ስፖንሰሮቹ መጡ። ከተማው እየተጠቋቆመ፣ ዳቦውን እየተካፈለ ሲውል አዩ። አንደኛው «መጨረሻው የታለ?» አለ። አለቃዬ እኔን አየ። «መጨረሻው ይኸው ነው» አልኩ። ትንሽ ፈገግ ያለች አንዲት ሴት ነበረች። እሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ተዘጋ። ሰርቨሩ እስከ ሐሙስ ይቆያል፣ ከዚያ በቃ። ያ ሁሉ ድካም ውሃ በላው። አለቃዬ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ሄደ። ቆጭቶኛል፣ አልዋሽም። እስካሁን ያቃጥለኛል።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እስከዛሬ ከላይ ሆኜ ከማየት በቀር አንድ ቀን ተጫውቼው አላውቅም። አንድ ተራ ሰው ሆኜ ገባሁ፤ ከጉድጓዱ ውሃ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቤት ደረሰችኝ። እቴቴ ቻቱ ላይ፦ «አዲስ ጎረቤት መጣች፣ መስኮት ክፈቱላት!»

ወዲያው ታሰርኩ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ ጥፋት፣ ማፏጨት። ጠቋሚ፣ መምህሩ።

ተፈትቼ ስመጣ ደጃፌ ላይ ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል።