ውሃውን የገዛሁት እኔ ነኝ

ውድ ወንድም ጋሼ ዛይሺንግ፣

መርከባችሁ ወደብ ደርሶ ይህን ወረቀት እስክትከፍት ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ አላውቅም። ስለዚህ ነገሩን አላዞርብህም፤ እማ አርፋለች። ተቀብራለችም። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ የኔ እጅ ግን እንደምታየው መስመር እንኳ አልሳተም። ከሞተችበት ጠዋት ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ሰውነቴ የሌላ ሰው ሰውነት ሆኖብኛል። ይሄን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ሳሉ ነው የጨረሳት። በስተመጨረሻ እኔን ባንተ ስም ነበር የምትጠራኝ። «ዛይሺንግ፣ ውሃ ስጠኝ» ትላለች፤ «አቤት እማ» ብዬ አቀርብላታለሁ። «ዛይሺንግ፣ ጀርባዬን እሸኝ» ትላለች፤ አሻታለሁ። አንድም ቀን «እኔ ሹዪን ነኝ» አላልኳትም። ደስ ብሏት ነበርና ምን አስቸገረኝ?

እንደ ወጉ አስከሬኗ የሚታጠብበትን ውሃ፣ ለውሃው ባለቤት ለመንፈሱ ሳንቲም ጥለህ ከወንዙ መግዛት የነበረብህ አንተ ወንድ ልጇ ነህ። ባልተገዛ ውሃ ከታጠበች በወዲያኛው ዓለም ያሉት አያቶቻችን አያውቋትም፣ ደጅ ያስቀሯታል። ወንዛችን ደግሞ ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ውሃ ያለው ወንዙ በሚመነጭበት ዋሻ ውስጥ፣ ያውም ከጥልቁ ነው። ጎረቤቶች ተሰብስበው ማን ይሂድ እያሉ ሲከራከሩ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የእትዬ ፌንግን ሹራብ ቀዳዳ እያየሁ ነበር።

«ሴት ልጅ ውሃ ገዝታ ታውቃለች? የውሃው ባለቤት ይስቅብናል!» አለች እትዬ ፌንግ።

«ይሳቅ! እሱስ እንዳንቺ ጥርሱ አልረገፈም» አላት አጎታችን ጂንፉ።

ለቅሶ ቤት የእናት ወንድም ከተናገረ ማን ይመልሳል? ከዚያ አጎቴ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ጃኬትህን አውርዶ ትከሻዬ ላይ ጣለው። «በወንድሟ ስም ትሄዳለች። ዋሻው ጨለማ ነው፤ የውሃው ባለቤት ጃኬቱን እንጂ ፊቷን አያይም» አለ። ጃኬትህን ለብሼ፣ ነጭ ሻሽ አስሬ፣ ገንቦ ታቅፌ ተከተልኩት።

የሸንኮራ አገዳውን አልፈን ወደ ገደሉ ስንወጣ እንደ ወጉ ማልቀስ ነበረብኝ። አጎቴ በየመታጠፊያው እየዞረ ያየኛል።

«ትንሽ እንኳ ብታለቅሺ ምን አለበት? ያየሽ ሰው ምን ይላል?»

«እዚህ ማን አለ?»

«ፍየሎቹስ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። አውቆ ሊያስቀኝ እንደሞከረ ገብቶኛል፤ እህቱ የሞተችበት ሰው እኮ ነው። እኔ ግን መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም፤ የተቀደደ ጫማውን እያየሁ ወጣሁ።

ዋሻው አፍ ላይ የነበረው ኩሬ ጭቃ ሆኗል። አጎቴ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ ደረሰ። አንድ ቦታ ላይ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ አንገታችን ድረስ ገብተን፣ ፊታችንን ወደ ላይ ቀና አድርገን፣ በድንጋዩና በውሃው መሀል በቀረችው ክፍተት እየተነፈስን አለፍን። አጎቴ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «ምን ዓይነት ብርድ ነው!» ይላል። እኔ ውሃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲያ ዋሻው ሰፋ፤ ጥቁርና ጸጥ ያለ ውሃ ፊታችን ተኛ። አጎቴ ባርኔጣው ውስጥ ከያዛት ፕላስቲክ የዕጣን ዘንግ አውጥቶ ለኮሰና ስንጥቅ ውስጥ ሰካ።

«በይ እንግዲህ፣ የውሃውን ባለቤት ጥሪ!»

«እኔ ዛይሺንግ ነኝ። ለእናቴ ውሃ ልገዛ መጣሁ» አልኩ። ዋሻው ስምህን መልሶ ጠራ። ሳንቲሙን ወረወርኩ፤ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ቀዳሁ። ለሩዝ የምቀዳ ነበር የመሰለኝ።

ስንወጣ አጎቴ ሱሪውን እየጨመቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እፎይ! እህቴን እንግዲህ ወንድ ልጇ አጠባት ማለት ነው» አለ።

ገንቦውን አየሁት። ከዚያ ደፋሁት።

«ምን ሆንሽ? አበድሽ እንዴ?»

«አጎቴ፣ እስከ ዛሬ ያጠብኳት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ሌላ ሰው አያጥባትም።»

«ሌላ ሰው? ወንድምሽ እኮ ነው!»

«ወንድሜ ባሕር ላይ ነው። የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ጮኸብኝ። የሬሳ ሳጥኑ ሳይመሽ መዘጋት አለበት፣ ባትሪውም እየደከመ ነው፣ ሴት በገዛ ስሟ ጠርታ አታውቅም፣ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። እኔ ጃኬትህን አውልቄ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁለት። በመጨረሻ ባትሪውን፣ ፕላስቲኳን ከነዕጣኗ፣ ሳንቲምም ሰጠኝ። «እዚያ ውስጥ ብትቀሪ ገብቼ አላወጣሽም፤ እወቂው!» አለ። ግን ዝቅተኛው ጣሪያ ድረስ ከኋላዬ ውሃውን እያንቦጫረቀ ሲከተለኝ እሰማው ነበር።

ብቻዬን ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ፣ ገንቦውን ከፊቴ እያንሳፈፍኩ አለፍኩ። ዕጣኑን ሰክቼ ባትሪውን ከአፌ አወጣሁ። «እኔ ሹዪን ነኝ። የቹንላን ልጅ። ለእናቴ ውሃ ልገዛ መጣሁ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ተመለሰ። ሳንቲሙን ጥዬ ስቀዳ በረደኝ። ወንድም ጋሼ፣ እንዴት እንደበረደኝ! ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ባትሪው አምልጦኝ ሰመጠ። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ያን ጊዜ ፈራሁ። እኔ አብሬያት አለመሞቴ የገባኝም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ማዶ አጎቴ «ሹዪን! ሹዪን!» እያለ ይጠራኛል፤ ድምፁን ተከትዬ፣ ገንቦውን በእጄ ከድኜ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ፌንግ «በማን ስም ተገዛ?» አለች።

«በራሷ በሹዪን ስም። ቅር ያለው ሄዶ ይቅዳ» አለ አጎቴ።

ማንም አልሄደም። ፊቷን፣ እጆቿን፣ እግሮቿን አጠብኩ። ያኔም አላለቀስኩም፤ እስካሁንም አላለቀስኩም፤ እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም የምነግርህ። እሷን ሳጥባት ግን እጆቼ የኔ ነበሩ።

ትቆጣ ይሆናል፤ ተቆጣ። ውሃህን ወስጄብሃለሁ፤ አልመልስልህም። ግን በሦስተኛው ዓመት እንደ ወጉ መቃብሯ ይከፈታል፤ አጥንቷ ተለቅሞ፣ ተጠርጎ፣ ማሰሮ ውስጥ ይገባና ተራራው ላይ ከአባታችን ጎን ይቀመጣል። መጀመሪያ የራስ ቅሏን የሚያነሳው የበኩር ልጅ ነው። እሱን አልነካብህም፤ በስምህ የሚያነሳልህም ሰው የለም። አጎቴንም አስምዬዋለሁ። ካልመጣህ አፈር ውስጥ ትቆያለች እንጂ ማንም አያወጣትም። ስለዚህ ና።

እህትህ ሹዪን