ከሮኬቱ ላይ ያልወረደው የወለተ ጊዮርጊስ ድባብ

ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ መሳፍንት፣ የከተማችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን፣ ከከንፈራችን በቀር ደኅና ነን።

የውጭ አገር እንግዳ በካርቶን የላከውን ተገጣጣሚ ፕላስቲክ አስገጣጥመው፣ በነጭ ሻሽ ሸፍነው፣ ለሚካኤል ደወል ቤታችን ማሠሪያ ገንዘብ ልናዋጣ በአዳራሽዎ በተሰበሰብንበት እሑድ ጠረጴዛ ላይ ስላቆሙልን እጅ እንነሳለን። ምስጋናዬ በቁጥር ይኸውና፦

፩. ያን ሾጣጣ ነገር ሊሠራ የታሰበው የደወል ቤታችን ሞዴል መስሎን እልል ብለን ተሳለምነው። እርስዎ ከጎኑ ቆመው ፈገግ ከማለት በቀር ትንፍሽ አለማለትዎ ምንኛ ትሕትና ነው! እኔም በሟች ባለቤቴ በወለተ ጊዮርጊስ ስም ለታቦቱ ተስዬ፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ያሠራሁትን ድባብ በደስታ ዘረጋሁበት።

፪. ልጄ የብርጓል የካርቶኑን እንግሊዝኛ አንብባ እንደነገረችኝ፣ ነገሩ በዓለም ጦርነት ጊዜ ሩቅ ከተማ ከነሕዝቡ ለማቃጠል ተነድፎ፣ ጦርነቱ ስላለቀ ሳይሠራ የቀረ ሮኬት ነው። እግዜር ያስቀረውን እርስዎ በሙጫ አቆሙት! አፌን በጸበል ደጋግሜ ተጉመጠመጥሁ። ጎረቤቴ ታየችማ ባየችኝ ቁጥር፣ ጋሼ ቢተው፣ እንግዲህ ጥይትም አይለፍዎት፣ ይሳለሙት እያለች ታሾፋለች።

፫. ድባቡን ልወስድ ሦስት ጊዜ ብመላለስ፣ በማዕከሉ ንብረትነት ተመዝግቧል ተባልሁ። ዛሬም ፀሐይ በማይገባበት አዳራሽ ሮኬትዎን ያስጠልላል።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ምንነቱን ሳልጠይቅ ጎንበስ ያልሁት እኔ ነኝ። ወለተ ጊዮርጊስ ብትኖር መጀመሪያ ትጠይቅ ነበር፤ በሕይወቷ ሳለች ጥያቄ ታበዣለሽ እያልሁ የምቆጣትም እኔው ነበርሁ።

ሰኔ ፲፪ ሚካኤል ሲነግሥ ታቦቱ ይወጣል፤ የተሳልሁትም ለዚያ ቀን ነው። ያን ሰሞን ዝናብ አይጠፋም፤ ሮኬትዎ ደግሞ ከጣራ ሥር ነውና አይርስም። ስለዚህ ድባቡን አስቀድመው እንዲመልሱልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

የሥልጣንዎ ዘመን እንደ ድባቤ የተዘረጋ እንዲሆን የሚመኝልዎት፣
ሮኬት ተሳላሚው
ቢተው ኃይለ ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያልተገጣጠሙ አራት ካርቶኖች እንደቀሩ ሰምቻለሁ። ሲያቆሟቸው እባክዎ ሻሹ ይቅር። እኛ ተሸፍኖ የቆመን ሁሉ የምንሳለም ሰዎች ነን፤ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና፣ ሲሸፍኑት ይህን ያውቁ ነበር።